ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ልጅ

ሲስተር አስናቀች ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ የነርሲንግ ኮሌጅ የምታስተምረው ታማሚን መመርመር ነው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን «አሰስመንት» ይሉታል። በሽተኛው ገና በበሩ ሲገባ አረማመዱን ማየት፣ ስሙን ጠይቆ ድምፁን መስማት፣ ከዚያ ትንፋሹን፣ ቆዳውን፣ የጥፍሩን ቀለም እያሉ እስከ እግሩ ጣት መውረድ ነው። ይህንኑ ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል። ከሶዶ እስከ ቦምቤ፣ ከዚያም ወደ ቆላው እስከ ተበላ ድረስ በየጤና ጣቢያው ነጭ ጋወን ለብሶ የሚንጎራደድ ሰው ብዙው በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ገበያ ስትወጣ «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ ሮጦ ዘንቢሏን የሚቀበላት አታጣም። ይህን ትወዳለች፤ መውደዷንም አትደብቅም።

የማትወደው፣ አጠገቧ ያለው ሌላ ሰው እንደዚህ ሲጠራ መስማት ነው።

ይህ ጠባይዋ ዛሬ የመጣ አይደለም። የተወለደችው ሁምቦ ውስጥ፣ ከተበላ በእግር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በቆሎ በደህናው ዓመት ብቻ በሚያፈራበት ሞቃት ቀዬ ነው። አባቷ ገበሬ ነበሩ። እናቷ እማማ ዓመለወርቅ በገበያ ቀን ቅቤ ይነግዱ ነበር። ከእሷ በኋላ የተወለደው ዳልጮ የሚባል ወንድሟ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ሥራ የማይወድ ልጅ ነበር። እናቱ ከገበያ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው። ውኃ የምትቀዳው አስናቀች፣ ከብቶቹን የምታስገባው አስናቀች፣ በትምህርቷም ከክፍል አንደኛ የምትወጣው አስናቀች፤ ስሙ የሚነሳው ግን የዳልጮ። አሁን ዳልጮ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ከሞያሌ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የሚደውለው በዓመት አንዴ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ሲሆን፣ ያቺን አንዲት ስልክ እማማ ዓመለወርቅ በቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ እስከ ጥምቀት ማግስት ያወሯታል።

አባቷ ሲሞቱ እናቷን ወደ ሶዶ ያመጣቻቸው አስናቀች ናት። ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ የምታገኝ ክፍል አሠርታላቸዋለች። የደም ግፊታቸውን በየሳምንቱ ትለካለች፤ ክኒናቸውን ራሷ እየቆጠረች ትሰጣለች፤ ጨው እንዳይበዛባቸው ወጡን ለብቻ ታሠራለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም ጎረቤት መጥቶ ሲቀመጥ እማማ ዓመለወርቅ «ልጄ» ብለው ወሬ ከጀመሩ ወሬው የዳልጮ ነው። አስናቀች ይህን እየሰማች ሳህን ታጥባለች። ሳህኑ ከጠራ በኋላም ታጥበዋለች።

በኮሌጁ ደግሞ ቤቴል መጣች።

ቤቴል የአስናቀች ተማሪ ነበረች። ሁለተኛ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ሠርታ፣ ላፕቶፕ በጀርባዋ አዝላ፣ እዚያው በተማረችበት ኮሌጅ መምህር ሆና ተመለሰች። እንዲህ ዓይነቱ የትምህርት ዕድል በአንድ ወቅት ለአስናቀችም መጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት እናቷ በወባ ተይዘው አልጋ ላይ ስለነበሩ ሳትሄድ ቀረች፤ ዕድሉም ለሌላ ተሰጠ። ይህን ዛሬ የሚያስታውስ ሰው የለም። ቤቴል በኮሪደሩ ስታልፍ ተማሪዎች ከኋላዋ ይከተላሉ፣ ይጠይቋታል፣ ያስቋታል። አስናቀች በቢሮዋ መስኮት እያየች፣ «እኔን ሲያዩ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ልጆች እሷ ዘንድ እንዲህ የሚፍነከነኩት ምን አይተው ነው?» ትላለች በልቧ።

አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ቤቴል ተነሥታ ልትሠራ ያሰበችውን ጥናት አስረዳች። ተማሪዎች ስለ እርጅና ምን ያስባሉ? አረጋዊ ታማሚ ሲመጣባቸው ምን ይሰማቸዋል? ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች መጠይቅ በትና ነበር። አብዛኞቹ ማዋለጃ ክፍል፣ ሕፃናት ክፍል፣ ቀዶ ጥገና ነው የመረጡት። አረጋውያንን ለመንከባከብ ፈቃደኛ ነኝ ያለው በጣም ጥቂት ነው።

«እኛ አገር እኮ ሽማግሌ ይከበራል፤» አለች አስናቀች ከወንበሯ ሳትነሣ። «ይህ የፈረንጅ ጥያቄ ነው። የእኛ ልጆች ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሥተው ነው ወንበር የሚለቁት።»

«እሱስ ልክ ነዎት ሲስተር፤» አለች ቤቴል በትሕትና። «ወንበሩን ይለቃሉ። ከለቀቁ በኋላ ግን አጠገባቸው መቀመጥ ይፈልጋሉ ወይ? እኔ የጠየቅኩት እሱን ነው።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቶማ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ቶማም የአስናቀች ተማሪ የነበረ ነው። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ አስናቀች ግን ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ በሳምንት አንድ ቀን አንድ አረጋዊ ቤት እየሄዱ ይቀመጣሉ። ሊያክሙ አይደለም። ስለ ኑሯቸው ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በዚያውም የሰውን ጤና በጨዋታ መካከል ማስተዋል ይማራሉ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ መጠይቅ ዳግመኛ ይሞላሉ። ቤቴል ፈቃደኛ አረጋውያንን ለማግኘት በየቤተ ክርስቲያኑ ዞረች። በሳምንቱ አስናቀችን ኮሪደር ላይ አግኝታ፣ «እማማም ተመዘገቡ እኮ! ከቅዳሴ በኋላ ስናገር መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ደስ አይልም?» አለቻት።

«ደስ ይላል፤» አለች አስናቀች። ከከንፈሯ በቀር ሌላው ፊቷ አልሳቀም። እናቷ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ለእሷ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ለእናቷ የደረሰችው ተማሪ ማክዳ መሆኗን ስትሰማ ግን ትንሽ ቀለላት። ማክዳ ከቦምቤ የመጣች ረጅም ቀጭን ልጅ ናት። በተግባር ክፍል ውስጥ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የግፊት መለኪያውን ጥላ የምትሰብረው እሷ ናት። ስለ አረጋውያን ስትጠየቅም በግልጽ፣ «እፈራቸዋለሁ፤ ሽታቸውም ይከብደኛል» ብላ የመለሰች ልጅ እንደሆነች በመምህራን ዘንድ ተወርቷል። በመጀመሪያው ሐሙስ አስናቀች ሆነ ብላ ቀደም ብላ ወደ ቤት መጣች። ማክዳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ሰዓቷን ታያለች። እማማ ዓመለወርቅ ወደ ግድግዳው ዞረዋል። አስናቀች ሻይ አቀረበችና ቀለል ብሏት ወጣች።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። በቀጣዮቹ ሐሙሶች በአንዱ ከሥራ ስትመለስ ከእናቷ ክፍል ሳቅ ሰማች። የማክዳን ሳቅ በኮሌጅ ታውቀዋለች። ሌላኛውን ግን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት፤ የእናቷ ሳቅ ነው። እማማ ዓመለወርቅ ዳታ የሚባለውን የቃሪያ ማባያ ፍጪልኝ ብለው ልጅቱን ወፍጮ ድንጋዩ ፊት አስቀምጠዋት፣ የቃሪያው ነገር ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ስታለቅስ እሳቸው እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ያብሱላታል። «የቦምቤ ልጅ ሆነሽ ዳታ መፍጨት አታውቂም? እናትሽ ምን ስታስተምርሽ ኖረች?» ይላሉ በወላይትኛ። ልጅቱ ደግሞ እያለቀሰች በዚያው ቋንቋ ትመልሳለች። አስናቀች ራሷ ከእናቷ ጋር ወላይትኛ ነው የምታወራው፤ ከብዙ ዓመት የቢሮና የክፍል አማርኛ በኋላ ግን አፏ ላይ ከብዶባታል። የማክዳው ገና ከቤቷ እንደወጣ ትኩስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስናቀች ሐሙስ ሐሙስ ከበር ኋላ መቆም ጀመረች። ለራሷም የምታፍርበት ነገር ነበር፤ ቆመች ግን። እናቷ ከአባቷ በፊት ሌላ ባል እንደነበራቸው፣ ወደ አባያ ሐይቅ በኩል ለአንድ ጎልማሳ ተድረው ሳለ ማሳ ለማረም እንደወጡ በዚያው ወደ እናታቸው ቤት እንደሸሹ፣ ያ ሰው ወራት ሙሉ ሽማግሌ እየላከ እንደለመናቸው የሰማችው በዚያ በር ኋላ ቆማ ነው። በእድሜዋ ይህን ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ማክዳ «እንዴ! ታዲያ እማማ፣ ያን ሰው አዝነውለት አያውቁም?» ስትል፣ እናቷ ቀስ ብለው፣ «አንድ ቀን ገበያ ላይ አየሁት፤ እንዳላየሁት ሆኜ አለፍኩ። አሁን ሲታሰበኝ ሰላም ልለው ይገባኝ ነበር» አሉ። ይህን ታሪክ ለአስናቀች ቢነግሯት ኖሮ ታለቅስ ነበር። የተነገረው ግን ለዚህች መለኪያ ሰባሪ ሆነ።

ማታ ራት ላይ፣ «እማዬ፣ ከአባዬ በፊት ያገባሽው ሰው ነበር እንዴ?» አለቻቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ያረጀ ወሬ ነው፤ እንጀራሽን ብዪ» አሉና ጨዋታው በዚያ ቆመ።

ትልቁ ቁስል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቴል አንድ ጠዋት ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። «ሲስተር፣ ሌላ ቦታ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ነው። ማክዳ ነግራኝ ነው። እማማ ከቤቱ ጀርባ ሲሄዱ ወድቀዋል፤ አንዴም አይደለም። ቀኝ ዓይናቸውም ጭጋግ ሆኗል ነው የሚሉት፤ ግራውም እየተከተለ ነው። ደረጃውን አያዩትም።»

አስናቀች እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰው በበር ሲገባ አረማመዱን እዩ ብላ የምታስተምር እሷ ናት። እናቷ ከግድግዳው ተጠግተው መሄድ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነ? አይታዋለች። አይታ፣ የጉልበት ሕመም ነው ብላ ቅባት ገዝታለች።

«አውቃለሁ፤» አለች። «እየተከታተልኩት ነው።»

ቤቴል እንዳላመነች ዓይኗ ተናገረ። ሆኖም «እንግዲያው ጥሩ ነው» ብላ ወጣች። ይህ ደግነቷ አስናቀችን ከስድብ በላይ አቃጠላት።

የተግባር ፈተናው የዋለው በዚያው ሳምንት ነበር። ፈታኟ አስናቀች፣ ከተፈታኞቹ አንዷ ማክዳ። የደረሳት ደረቱን የሚያመው ሽማግሌ ሲሆን፣ ሽማግሌ ሆኖ አልጋው ላይ የተኛው የክፍል ጓደኛዋ ነው። ማክዳ ስትገባ እጇን መታጠብ ረሳች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ማን እንደሚያበስልለት፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሌሊት ሲያመው ማንን እንደሚጠራ ትጠይቀው ጀመር። ልጁ ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ሆኖበት ተንተባተበ። ደረቱን በማዳመጫው ልትሰማ ስትነሣ ሰዓቱ አለቀ።

ሌላ ተማሪ ቢሆን አስናቀች ቆጣ ብላ መክራ፣ ነጥብ ቀንሳ፣ ታሳልፈው ነበር። እንዲህ ዓይነት ስህተት ይዘው ያለፉ ብዙ ናቸው። የማክዳን ወረቀት ግን ትኩር ብላ አየችና «አላለፈችም» ብላ ጻፈች። ውስጧ የሆነ ቦታ ላይ ጥማት እንደቆረጠ ሰው እፎይ ሲላት ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ያ እፎይታ ራሱ አስፈራት።

ማክዳን ኮሪደር ላይ ጠርታ፣ «ከእንግዲህ ቤቴ አትምጪ፤ ፈታኝና ተፈታኝ አንድ ቤት መገናኘቱ ደግ አይደለም» አለቻት።

«እማማ ግን ሐሙስ ይጠብቁኛል፣ ሲስተር።»

«ለእናቴ እኔ አለሁላት።»

ልጅቱ እንባዋን ውጣ «እሺ» አለችና ሄደች።

ሐሙስ ደረሰ። እማማ ዓመለወርቅ የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ስኳር ድንች አስቀቅለው፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። የመንገዱን ድምፅ ይሰማሉ፤ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና ይላሉ። አስናቀች ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነበር። ወንበር አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዳሞት ተራራ ላይ ጉሙ እየወረደ ነበርና ጋቢ አለበሰቻቸው።

«እስኪ ተጫወቺ፣ እማዬ፤» አለች።

«ምን ልጫወት?»

«ዛሬ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ?»

«ደኅና ነው።»

«እንቅልፍስ?»

«ደኅና።»

«ሆድሽስ?»

«ደኅና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

ስኳር ድንቹ ቀዘቀዘ። አስናቀች እናቷን ለብቻዋ አግኝታለች፤ የፈለገችው ይህን አልነበረ? ግን አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ሌላ ሰው የሚጠብቁ እንግዳ መሰሏት። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ እማማ ዓመለወርቅ ነጠላ መለወጥም፣ በር ላይ መውጣትም ተዉ። ምሳቸውን ገፋ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምን አደረግሻት?» አሉ ድንገት አንድ ከሰዓት በኋላ።

«ማንን?»

«ልጅቷን ነዋ።»

«ፈተና ወድቃ ነው፤ ማጥናት አለባት።»

እማማ ዓመለወርቅ ዞረው ፊቷን ለማየት ሞከሩ። ጭጋግ የጋረደው ዓይናቸው ከጉንጯ ወደ ጎን አልፎ ቀረ። «ዳልጮ አዲስ ጫማ የተገዛለት ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንዱ እግር ጠፋ። ሐመሳ ወንዝ ወሰደው ብለሽ መጣሽ።»

አስናቀች የጋቢያቸውን ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«ድምፅሽ ያኔም እንዲህ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከወንዙ ዳር አንቺ ስትወረውሪው ያየ ሰው ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልገረፍሽኝም?»

«ላንቺ አልገዛሁልሽም ነበራ፤» አሉ እማማ ዓመለወርቅ። «በምን አፌ?»

አስናቀች ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ እናቴ አታየኝም እያለች ነው የኖረችው። አሁን መጮህ አማራት፤ ማልቀስም አማራት። ከሁለቱ ይልቅ ለሳምንታት ሲበላት የቆየውን ጠየቀች። «መውደቅሽን ለእሷ ነግረሽ ለእኔ ስትደብቂ ግን... እኔ ነርስ አይደለሁም?»

«ነርስ ስለሆንሽ ነዋ። ላንቺ ብነግርሽ በማግስቱ ከቤት አትውጪ ትያለሽ። ቅዳሴ ይቀራል፣ ገበያ ይቀራል፣ ከዘራ ይመጣል፣ ሠራተኛ ትቆምብኛለች። እሷ ምን ታደርገኛለች? ተማሪ ናት። ሰምታ፣ ‹ውይ እማማ› ብላ ትሄዳለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ለመምህሯ ለቤቴል ስትነግርም አስቀድማ አስፈቅዳኛለች። ‹ሲስተር ማወቅ አለባቸው፣ ከወደቁብኝ ምን ይውጠኛል› ብላ አለቀሰችብኝ። ደክሞኝ እሺ አልኳት።»

በማግስቱ አስናቀች ቶማ ቢሮ ገባች። «ማክዳን እንደገና ሌላ ፈታኝ ይፈትናት፤» አለችው።

ቶማ ቀና ብሎ አያት። «በምን ምክንያት ልበል፣ ሲስተር? እርስዎ የጣሉትን ተማሪ እንደገና አስፈትነን አናውቅም።»

«ያን ቀን እኔ ፈታኝ መሆን አልነበረብኝም በል። ቤቴ የምትመላለስ ልጅ ነበረች።»

ቶማ ሌላም የሚጠይቅ መስሎ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ማክዳ እንደገና ተፈተነች። እጇንም ታጠበች፣ ደረቱንም ሰማች፤ ውጤቷ ግን አፋፍ ላይ ነበር፤ በጥቂት ተርፋ አለፈች። አስናቀች ውጤቱን ስትሰማ «ጎበዝ ብትሆን ኖሮ ከዚህ በላይ ታመጣ ነበር» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። እንዲህም ሆኖ ውጤቱን ለእናቷ የነገረችው ራሷ ናት።

ቤቴል ጥናቷን ያቀረበች ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው ቤት ከተመላለሱት ተማሪዎች ብዙዎቹ ስለ እርጅና ያላቸው ስሜት ለዘብ ብሏል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ጥቂቶቹ ከበፊቱ ይልቅ እንደፈሩ ቤቴል ሳትደብቅ ተናገረች። አንዷ ተማሪ፣ «እኔም እንደዚህ እሆናለሁ ብዬ አላውቅም ነበር» ብላ ጽፋለች። ጭብጨባው ደመቀ። አስናቀችም አጨበጨበች፤ እያንዳንዱ ጭብጨባ መዳፏ ላይ እንደ ልምጭ ያርፍባታል። ከዚያ እጇን አውጥታ፣ ተማሪዎቹ መምህራቸውን ለማስደሰት ብለው መልሳቸውን አሳምረው ቢሆንስ ስትል ከባድ ጥያቄ ጠየቀች። ቤቴል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና፣ «ይሄ የጥናቴ ድክመት ነው» አለች። ሰው ሲበተን አጠገቧ መጥታ፣ «ሲስተር፣ በሚቀጥለው ዓመት አብረን እንሥራው። አረጋውያን በቤታቸው እንዴት እንደሚመረመሩ ተማሪዎቹን እርስዎ ያስተምሩልኝ» አለቻት።

«አስብበታለሁ፤» አለች አስናቀች። እሺ እንደምትል ያኔውኑ አውቃለች። ያም ሆኖ ሳምንት ያህል አስጠበቀቻት።

ዝናቡ ጋብ ሲል እማማ ዓመለወርቅ ለቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የዓይናቸው ሞራ በስሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ከፊታቸው ተንበርክካ የነበረችው አስናቀች ናት። ይህን ቦታ ለማንም አልለቀቀችም። እማማ ዓመለወርቅ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ብርሃኑ አስለቀሳቸው። ከዚያ የልጃቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ግንባሯን፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ቆዳ፣ ከሻሿ ያመለጠውን ፀጉር።

«አርጅተሻል፤» አሉ።

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። አስናቀች ግን አልሳቀችም። ቤቴል ያን የእርጅና ጥናት ባቀረበች ዕለት፣ ከግድግዳ ተጠግታ የምትሄድ ሌላ ሴት ነበረች የታየቻት፤ እናቷ። ራሷን አላሰበችም ነበር።

«ማን ሳያየኝ አረጀሁ መሰለሽ፤» አለች። «አንቺ ሳታዪኝ ነው።»

እማማ ዓመለወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሱት፤ የልጅነቷን ፊት የሚፈልጉ ይመስል እዚያም እዚህም ነካኩት። «አባትሽን መስለሻል» አሉ። በሕይወቷ ሙሉ አባቱን ይመስላል ሲባል የኖረው ዳልጮ ነበር። አስናቀች ፊቷን ከእናቷ እጅ ላይ ሳታነሣ ቆየች።

ቤት ገብተው ትንሽ እንዳረፉ ግን የእናቷ የመጀመሪያ ቃል፣ «ያቺን ልጅ ጥሪልኝ። ድምፅዋን እንጂ መልኳን አይቼው አላውቅም» የሚል ሆነ። የለመደችው ቅናት መጣባት። ስልኩን አንስታ ቆየች። ከዚያ ደወለች፤ «ማክዳ፣ እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች፤ ዛሬ ከቻልሽ ነዪ» አለች። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ልጅቱ ማመን አቅቷት «እኔን?» አለች።

ማክዳ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አስናቀችን አይታ አመነታች። አስናቀች ወንበር ሳበችላት፤ ለራሷም ሌላ ሳበችና ተቀመጠች። እማማ ዓመለወርቅ ልጅቱን አቅርበው አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። ያዳምጡት የነበረውን ያንን ድምፅ ከፊቱ ጋር ለማስማማት የሚጥሩ ይመስል ደጋግመው አዩዋት።

«እኔ እኮ ቆንጆ መስለሽኝ ነበር፤» አሉ።

ማክዳ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንከተከተች። አስናቀችም ሳቀች፤ ከማክዳ ይበልጥ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን ደስ እንዳላትም በደንብ ታውቀዋለች።

«ኧረ ቆንጆ ናት፣ እማዬ፤» አለች ሳቋ ሲበርድላት። «ያንዱ ዓይንሽ ፍርድ ነው፤ ሌላው እስኪድን ቆዪ።»